ትርሲት የትኛዋ ናት?

ኢዮስያስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሎጂክ ያስተምራል። ትርሲትን ለጋብቻ ሊጠይቅ ቤቷ በሄደ ዕለት፣ ጨዋታ ወዳዱ አባቷ አቶ ደምሰው መንታ ልጆቻቸውን አንድ ዓይነት ቀሚስ አስለብሰው ፊቱ አቆሟቸው። በመልክ ፈጽሞ አይለዩም።

«ዛሬ አንዷ ውሸት ብቻ፣ ሌላዋ እውነት ብቻ ነው የምትናገረው» አሉት። «አንዷን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀህ ትርሲትን ለይልኝ። ከተሳሳትክ ግን ልጄን እርሳት!»

ኢዮስያስ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና፣ በስተቀኙ ወደቆመችው ዞረ።

«እህትሽን ‹ትርሲት የትኛዋ ናት?› ብዬ ብጠይቃት፣ ማንን ትጠቁመኝ ነበር?»

ልጅቷ እህቷን ጠቆመችው።

«ዋሾም ሆንሽ እውነተኛ፣ በዚህ ጥያቄ የምትጠቁሚኝ ትርሲት ያልሆነችውን ነው» አለ ፊቱ እየፈካ። «ስለዚህ ትርሲት አንቺ ነሽ!»

«ጎሽ! የኔ አንበሳ!» አቶ ደምሰው አጨበጨቡ። «በል መርቄሃለሁ!»

«ኧረ ቶሎ በል፣ ቆሜ እግሬ ደነዘዘ እኮ» አለችው ትርሲት እየሳቀች።

ኢዮስያስ ሊያቅፋት እጁን ዘርግቶ ተጠጋ። ይሄኔ ነው፣ እሱ ራሱ ለልደቷ የገዛላት ቀይ ጉትቻ ጆሮዋ ላይ ሲወዛወዝ ያየው።