ጋባዡ ወንድም

"ቀጣይ..."

ፓስፖርቱ በኤምባሲው መስኮት መስታወት ሥር ተንሸራቶ ተመለሰለት። ለሦስተኛ ጊዜ።

ፀጉር አስተካካዩ ግን ከመስኮቱ አልተነሳም።

"እህቴ፣ ያለፈውም ያቻምናውም 'ማስረጃው አልተሟላም' ነበር... ዛሬስ ምኑ ጎደለ?"

"የጋበዘዎት ወንድምዎ እዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ የለውም።"

"ዘጠኝ ዓመት ኖሯል እኮ..."

"ኖሯል። ፈቃድ ግን የለውም።"

ወጥቶ አጥሩ ሥር ቁጭ አለ።

ስድስት ዓመት ሙሉ "ልሄድ ነው" ሲል ኖሯል።

ፀጉር ቤቱን አላደሰም... ሊሄድ ነዋ።

እጮኛው "ሰርጋችንስ?" ስትለው "ቪዛው ይምጣና" ይላታል። ጠብቃ ጠብቃ ሲታክታት ሌላ አገባች።

ደንበኞቹማ ስሙን ትተው "መንገደኛው" ነው የሚሉት።

ለታላቅ ወንድሙ ደወለ።

"ወንድምዓለም... ወረቀት የለህም እንዴ?"

"የለኝም" አለ ታላቁ።

"እንደሚከለክሉኝ እያወቅክ ነው ግብዣ የምትልክልኝ?"

"እምቢ ማለት አቃተኝ። እማዬ 'ልጄ አለፈለት' ብላ ለሰፈር አውርታለች... አንድ ክፍል ውስጥ ለአምስት እያደርኩ ሳህን አጥባለሁ ልበላት?"

ታናሹ ሊናገረው አፉን ከፈተ። ስድስቱን ዓመት፣ ያመለጠችውን እጮኛውን... ሁሉንም ሊዘረግፍበት ነበር።

ወንድሙ ቀደመው።

"በደወልክ ቁጥር 'መቼ ነው የምትወስደኝ' ትላለህ። አንድ ቀን 'እንዴት ነህ' ብለኸኝ ታውቃለህ?"

አያውቅም።

ታናሹ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

"እሺ... እንዴት ነህ?"

"ደክሞኛል።"

"እኔም።"

"ብመለስስ... ባዶ እጄን?"

"እጅ ካለህ መቀስ ይይዛል። ና።"

ታላቁ ከአምስት ወር በኋላ መጣ... በአንዲት ትንሽ ቦርሳ። እናታቸው ቦርሳውን አየች፣ ልጇን አየች፣ "ከስተሃል" ብቻ አለችው።

ዛሬ ሁለቱ በታናሹ ፀጉር ቤት ጎን ለጎን ቆመው ይሠራሉ። ታላቁ አሁንም ጆሮ አካባቢ ሲደርስ እጁ ይፈራል። የታናሹ ፊት ግን ገና አልተፈታም... የባከነ ዕድሜ በአንድ ቀን አይረሳም።

ወዳጆቼ፣ ውጭ ያለ ሁሉ የደላው አይምሰላችሁ። "ውሰደኝ" ከማለታችን በፊት "ደህና ነህ ወይ?" እንበል። እዚያ ያላችሁም... መራራ እውነት ከጣፋጭ ተስፋ ይሻላል፣ ቢያንስ የሰው ዕድሜ አይበላም።

እናንተ በታናሹ ቦታ ብትሆኑ "ና" ትሉት ነበር... ወይስ ስልኩን ትዘጉበት? ከልባችሁ ጻፉልኝ።