የከዳው ክንድ

ሁለት ቀለም ቀቢዎች ፎቅ ላይ ሲሠሩ አንደኛውን አዳለጠው። ጓደኛው በግራ እጁ የመወጣጫውን ብረት ይዞ፣ በቀኙ የሚወድቀውን ሰው የእጅ አንጓ ያዘ። ትንሽ ቆይቶ አመለጠው።

ጓደኛው ሁልጊዜ ሰፊ ካፖርት ውስጥ የሚዋኝ ከሲታ ነው። "ክንዴ ከዳኝ" ሲል አለቃውም ፖሊሱም አመኑት።

የሟች እናት ግን በቀብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዤ ደረጃ እወጣለሁ። አንተ አንድ ሰው መያዝ አቃተህ? እጅህ ይቆረጥ" አሉት። አንገቱን ደፋ። እሳቸው የተናገሩትን የሚመልሱ ሴት አልነበሩምና ቀና ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አንድ ቀን ምራታቸው፣ የሟች ሚስት፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ "እማማ፣ ያ ልጅ እኮ ሊያብድ ነው" አለች። "በሩ ላይ ብረት አጋድሞ ሲንጠለጠል ነው የሚውለው። አገጩን ከብረቱ በላይ ያወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ጀርባና ክንድ ያጠነክራል አሉ።"

"አሁን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።"

"የእርስዎ ቃል ነው እንዲህ ያደረገው። መዳፉ ድንጋይ ሆኗል።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ሰው ሲያወራ ሰምቼ" አለች፤ ሽንኩርቱ አቃጥሏት ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲህ አሮጊቷን እንቅልፍ ራቃቸው። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። ጎናቸውን ባዞሩ ቁጥር ያ የተደፋ አንገት ይታያቸዋል። የልጃቸው ሐዘን ሳያንስ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ያወረዱትን እርግማን ተሸክመው ሊሞቱ ነው። በመጨረሻ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው፣ ጉልበታቸውን እያባበሉ መንገዱን ተሻገሩና ፊት ለፊት የሚኖረውን የዚያን ልጅ በር አንኳኩ።

ካፖርቱን እንደለበሰ ከፈተላቸው። ብረቱ በጓዳው በር መቃን ላይ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ተጋድሟል። ሁለት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ያብረቀርቃል።

"መቼ አበጀኸው?"

"በቀብሩ ማግስት፣ እማማ። አሮጌ የውሃ ቧንቧ ነው።"

"እስቲ ልይህ።"

ተንጠለጠለ። አንዴ እንደምንም አገጩን አደረሰ። ሁለተኛው ላይ እግሩ ተወራጨ፣ ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ወረደና አቀርቅሮ ቀረ። አሮጊቷ ግንባሩን ሊጠርጉለት መሐረብ አወጡ፤ ላብ ስላልነበረው የራሳቸውን እንባ ጠረጉበት።

"በቃ ተው" አሉ። "ሥጋ ነው፣ ይደክማል። አንድ ልጅ ሞቶብኝ ሌላ ልገድል ነበር። ይቅር በለኝ።"

"ኧረ እማማ፣ እኔ ነኝ እንጂ…"

"ዝም በል። ዕድሜ ልኬን ማንንም ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም፣ አታበላሽብኝ። ደግሞ ምራቴ ብቻዋን ናት። ብቅ እያልክ ጠይቃት፣ እሷም ሰው አለኝ ትበል።"

"እሺ" አለ፣ ከተሰማ።

ሸኝቷቸው በሩን ዘጋ።

ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለ፣ በዓመታት ልፋት እንደ ገመድ የከረረ ክንዱን ገለጠ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከተተ፣ በቀኙ ብቻ ብረቱን ጨብጦ አገጩን ከብረቱ በላይ አወጣና፣ አሮጊቷ ጉልበታቸውን እያባበሉ መንገዱን ተሻግረው እስኪጨርሱ ድረስ በመስኮቱ እያያቸው እዚያው ቆየ።