የሐሙሱ ስም ጥሪ

«ለቀራንዮ ሰፈር ነዋሪዎች ሁሉ! ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ስም ይጠራል!» ተብሎ በጡሩንባ ተለፈፈ።

የሚጠራው ያው የእድራችን መዝገብ ነው፤ ሌላ የነዋሪ ዝርዝር አልነበረንም። ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ ስሙ ተጠርቶ «አቤት» ያለ አዲስ ቤት ያገኛል። ያላለ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ጭንቁ የወይዘሮ ወለተጻድቅ ነበር። ባላቸው አቶ ሀብተማርያም ከሞቱ አምስት ዓመት ቢሆንም እድሩን በእሳቸው ስም ስለቀጠሉ፣ መዝገቡ ላይ ያሉት ሟቹ ናቸው።

«ገጠር ወርደዋል እንላለና!» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይመር። «የቀበርናቸው እኛ፤ ደግሞ ማን ያወራብናል?»

ሁላችንም ተስማማን።

ሐሙስ ዕለት ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ጸሐፊ ከወረቀቱ ቀና ሳይል ተጣራ።

«አቶ ሀብተማርያም ጥሩነህ!»

ጋሽ ይመር አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከኋላችን ያ የምናውቀው ጎርናና ድምፅ «አቤት» አለ።

ማናችንም አልዞርንም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ቤቱ ውስጥ ስንት ነፍስ ናችሁ?» አለ ጸሐፊው እየጻፈ።

«ብቻዬን ነኝ።»