«እሷ አትመስለኝም»

የፓስፖርት እድሳት ሠራተኛው መስኮቱን ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የልጅቷን አሮጌ ፓስፖርት ገልጦ አየ። ፎቶው ላይ ያለችው መላጣ ሕፃን ነበረች፤ ከፊቱ የቆመችው ደግሞ ሁለት ጥርሷ የወለቀ የስድስት ዓመት ልጅ።

«የእኔ እህት፣ ይቺ እሷ አትመስለኝም። ሌላ ማስረጃ አምጪ» አለ።

«ኧረ በፈጠረህ! ነገ ጠዋት እኮ በራሪ ነን፤ የቀረው የእሷ ፓስፖርት ብቻ ነው» አለች እናትየው።

ልጅቷ የእናቷን መለማመጥ አልወደደችውም። በእግር ጣቷ ቆማ አገጯን ባንኮኒው ላይ አሳረፈችና ለንቦጯን ጥላ፣ ግንባሯን ቋጥራ አፈጠጠችበት።

ሠራተኛው ልጅቷን አየ፤ ፎቶውን አየ። ያው ለንቦጭ፣ ያው ግንባር፣ ያችው ኩርፊያ። ሳቁን እየዋጠ ማኅተሙን አነሳ።

«በይ አሁን ፊትሽን ፍቺው።»

«መጀመሪያ ማኅተሙ ይመታ» አለች።