አረፋ ያወጣ ሻይ

በዚያ ዘመን በወጣው ሕግ መሠረት፣ በጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ጋዙ እንዲወጣ ዓለት የሚሰነጠቅበትን ፈሳሽ የመረጠ መሐንዲስ ቤተሰቡን ይዞ ጉድጓዱ አጠገብ ይኖራል፤ ከዚያው ምድር የሚወጣውንም ውሃ ይጠጣል።

ኢንጂነር ሆዳን ኦጋዴን ላይ ስትመደብ ሁለት ምርጫ ቀረበላት። አንዱ ንጹህ ውሃ ነው፤ የአርብቶ አደሩን የውሃ ጉድጓዶች ሁሉ ያደርቃል። ሌላው የኬሚካል አረፋ ነው፤ ውሃ አይፈጅም፣ ግን ወዴት እንደሚሰርግ ማንም አያውቅም። ሰውም ግመሉም በጥም እንዳያልቅ ብላ አረፋውን መረጠች።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት፣ ባሏ ሊባን ሻይ ሲያፈላ ከማንቆርቆሪያው ነጭ አረፋ ገነፈለ።

«ሆዳን፣ ነይማ እዪው!»

አረፋውን በጣቷ ነክታ አሻሸችው። እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ልጃቸው ኢፍራህ ጠዋት ከዚሁ ውሃ ጠጥታ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው።

ወዲያው ለጋዝ ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ደወለች።

«አረፋው ይቁም!»

«ይቻላል፣ ኢንጂነር» አላት ኃላፊው በትሕትና። «እንግዲያው ዛሬውኑ የአርብቶ አደሩን ውሃ መሳብ እንጀምራለን።»

በመስኮት ተመለከተች። ሴቶች ውሃ ጉድጓዱ ዳር ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ።

«ሁለቱም ቢቀርስ?»

«መምረጥ እንጂ ማስቆም የእርስዎ ሥልጣን አይደለም። የትኛው ይሁን?»

ሆዳን ጀሪካኖቹን መቁጠር ጀመረች። ኃላፊው፣ «ካልመረጡ ባለበት ይቀጥላል» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ኢፍራህ በፀሐይ ቀልታ እየሮጠች ገባች።

«እማዬ፣ ውሃ ጠማኝ!»

ሆዳን ብርጭቆውን ይዛ በመስኮት ወደ ውሃ ጉድጓዱ ተመለከተች። ከዚያም ከጠዋቱ ውሃ ሞልታ ሰጠቻት።