የሳሎኑ ሐረግ

ዕቃዋን ወደ ኮተቤ የሚወስደው አይሱዙ ደጅ ላይ ክላክስ አደረገ። የፈታችው ባሏ ሐረጉ የተተከለበትን ጣሳ አቅፎ ቆሟል፤ ሐረጉ ራሱ በሚስማርና በክር ተይዞ የሳሎኑን ግድግዳ ዙሪያውን ሄዷል።

«ሌላውን ሁሉ ውሰጂ። ይሄ ከእናቴ ቤት የመጣ ነው፤ አይወጣም።»

መቀስ አነሳች። ወንበር ላይ ወጣች። ወፍራም ወፍራሞቹን ቅጠሎች በጣቷ እየዳሰሰች ሄደችና አንዱ አንጓ ላይ ስትደርስ በመቀስ ቆረጠችው። ከተቆረጠበት ነጭ ወተት ጠብ አለ።

«ገደልሽው! ሥር የለውም እኮ!»

ቁራጩን እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወረደች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ። ሥሩ ላንተ ይሁን። ይሄኛው ቁስሉ ሲደርቅለት የራሱን ያወጣል።»