ሐረጉን ማን ነቀሰው?

አባትየው የንቅሳት ቤቱን በር በእግሩ በርግዶ ገባ። ሚስቱ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተከተለችው። ሙቀቱ እሳት ነው፤ እሷ ግን እንደወትሮዋ ሹራቧን አላወለቀችም።

ነቃሹ ወጣት የመንቀሻ ማሽኑን ያጸዳ ነበር። ከአንገቱ በታች ያልተነቀሰ ቆዳ የለውም።

"ጋሼ፣ ለእርስዎ ነው ወይስ ለእትዬ?"

"አፍህን ዝጋ!" አባትየው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "ልጄን አንተ ነህ ያበላሸሃት?"

ስልኩ ላይ የአንዲት ልጅ ጀርባ ይታያል። ከጎኗ የተነሳ ሐረግ ቅጠሉን ዘርግቶ ትከሻዋ ላይ ወጥቷል። አባትየው ያየው ትናንት ነው፣ ጎንበስ ስትል ሸሚዟ ሸሸት ብሎ። ደሙ ፈላ። ፎቶውን በግድ አነሳ፤ የነቀሳትን ሰው ስም ግን ጮኾም ዝቶም ከአፏ ሊያወጣ አልቻለም። ስለዚህ ቁርጡን ነገራት፤ ዛሬ ሳይመሽ ካልተናገረች ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ቃሉን ደግሞ አያጥፍም፤ ሠፈሩ የሚያከብረው በዚሁ ነው።

ነቃሹ ፎቶውን አጉልቶ አየው። "የኔ እጅ አይደለም።"

"ውሸታም! ሌላ ማን ሰው ይበሳል እዚህ?"

"የሚበሳማ ሞልቷል። ሆስፒታል አለ፣ ቅንድብ የሚነቅስ የውበት ሳሎን አለ።" ማሽኑን አንስቶ ፔዳሉን ረገጠ። መርፌው ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰ እንደ ንብ ጮኸ። "የኔ መርፌ ወፍራም ነው። ይሄ በቀጭን መርፌ፣ እንደ ቅንድብ ፀጉር በቀጠነ መስመር የተሠራ ነው።"

ሚስትየው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ከትምህርት መልስ እሷ ዘንድ ሙያ እየተማረች ከምታመሽበት የውበት ሳሎን፣ ከሥራዋ ላይ ባሏ ጎትቶ ነው ያመጣት። ጣቶቿ ጫፍ ላይ የማይለቅ ጥቁረት አለ፤ የፀጉር ቀለም መሆን አለበት፣ ጠይቋትም አያውቅ። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ቀኝ እግሯ ወለሉን ጫን ይላል። ባሏ የፍርሃት መስሎት ተናደደ።

"የሠራው ትዕግሥተኛ ሰው ነው" አለ ነቃሹ። "ከቅጠሎቹ ሥር ጠባሳ አለ። ጠባሳ ቀለም ቶሎ አይዝም፤ ቀስ ብሎ መመላለስ ይጠይቃል። እንዳያማት ተጠንቅቋል። ይሄ ሰው ይወዳታል።"

"ይወዳታል?" የአባትየው የአንገት ሥር ተገተረ። "ውሽማ ይዛለች በለኛ! እጁን ነው የምቆርጠው!"

የራሱ እጅ ልማዱን ተከትሎ ወደ ቀበቶው ሄደ። ዘለበቱ ባለ አራት ማዕዘን ነሐስ ነው። ነቃሹ ዘለበቱን አየ፤ ፎቶውን አየ።

"ጠባሳው የምንድን ነው ጋሼ?"

"ልጅ ሆና ወድቃ ነው።"

"አንድ ቦታ ብቻ አይደለም እኮ።"

"ደጋግማ ወደቀቻ! አንተ መርማሪ ነህ?"

"ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዙት።" የወጣቱ ድምፅ ቀዘቀዘ። "ደግሞ ሐረጉ ሙሉ አይደለም። ሥር የለውም። ከሌላ ቦታ እንደመጣ ከጎኗ ብድግ ብሎ ነው የሚጀምረው።"

"ሥሩን እኔ እነቅለዋለሁ!" ስልኩን መነተፈና ወደ ሚስቱ ዞረ። "ተነሺ! ሄደሽ ሻንጣዋን ደጅ አውጪ። ስሙን ካልተናገረች ቤቴ አታድርም!"

ሚስትየው ተነሳች። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ከውስጡ የማሽን ብረት ድምፅ ቋ አለ።

"ልጅቷን ተዋት" አለች።

ከዚያም ሹራቧን ወደ ላይ ገልባ ጀርባዋን ሰጠችው፤ የሐረጉ ሥር እሷ ወገብ ላይ ነበር፣ እስከ ትከሻዋም ቅጠል ያልሸፈነው ቦታ አልነበረም።